ባለመብቱ ተከሳሽ የሚሆንበት ሌሊት

(አዲስ አበባ ውስጥ በደባልነት ተከራይተው ለሚኖሩ ወጣቶች በተዘጋጀ የእሁድ ከሰዓት መርሐ ግብር ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! ከፊት የተቀመጣችሁ እናቶችና አባቶችም፣ አክብራችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከኋላ የቆማችሁት ልጆች፣ እዚህ ግራ በኩል ወንበር አለ፤ ኑ፣ ተቀመጡ። የማወራው ረዘም ይላል።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችሁ ብቻውን ተከራይቶ የሚኖር ማነው? እጅ አውጡ። ሦስት፣ አራት… አምስት። የቀራችሁት ከሰው ጋር ነው የምትኖሩት ማለት ነው። ደግ ነው። በዚህ ከተማ ኪራይ ደመወዝ ለሚበላበት ሰው ደባል መያዝ ነውር አይደለም፣ መላ ነው። አሁን ሁለተኛውን ልጠይቃችሁ። ከደባላችሁ ጋር በወረቀት የተፈራረማችሁ? ስለ ኪራዩ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ዕቃው፣ አንዲት ገጽ እንኳ ጽፋችሁ የፈረማችሁ? አንድ። አንድ እጅ ብቻ። እግዚአብሔር ይስጥሽ እህቴ፣ እጅሽን አውርጂ።

እኔ ለዓመታት ዐቃቤ ሕግ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ አሁን ጠበቃ ነኝ። በከሳሽም በተከሳሽም ወገን ቆሜ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ፤ ዛሬ የመጣሁትም እሱን ልነግራችሁ ነው። የተበደለው ሰው፣ ገንዘቡ የተበላው፣ ዕቃው የተሰረቀው፣ እውነት በእጁ ያለችው ሰው በአንድ ሌሊት ተከሳሽ ሆኖ ያድራል። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ባለመብት ነበር። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ተጠርጣሪ ነው። በመካከል ያሉት አራት ሰዓታት ምን ተደረገባቸው? ዛሬ የማወራው ስለ እነዚያ አራት ሰዓታት ነው።

አያቶቻችን በመንገድ ሲጣሉ አንዱ "በሕግ አምላክ!" ካለ ሌላው እጁን ይሰበስብ ነበር ይባላል። ፖሊስ በሌለበት፣ ዳኛ በሌለበት፣ በዚያች ቃል ብቻ። ተያይዘው፣ ነጠላቸውን አቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ያንን ቃል ከአፋችን አላጠፋነውም፤ ከእጃችን ነው የጠፋው።

የራሴን ልንገራችሁ። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁበት ዓመት ኮተቤ አካባቢ ከክፍል ጓደኛዬ ጋር አንዲት ሰርቪስ ቤት ተከራየን። የቆርቆሮ በር ያላት፣ ሁለት ፍራሽ ሲዘረጋ መሃል ላይ እግር የማታስገባ ክፍል። ጓደኛዬ ሥራ አጣች፤ ሦስት ወር የድርሻዋን አልከፈለችም። እኔ ሸፈንኩላት። በአራተኛው ወር "ወንድሜ ልኮልኛል" ስትል ሰማኋት፤ በማግስቱ አዲስ ጫማ አድርጋ ገባች። ምንም አልተናገርኩም። ከሰዓት ወጥቼ ጓጉንቸር ገዛሁና በሩ ላይ ሰቀልኩት። ፍራሿን፣ ሻንጣዋን፣ ደብተሮቿን ውስጥ ቆለፍኩባት። "ገንዘቤን ስታመጪ ትወስጃለሽ" አልኳት። ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ቆማ በሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ሄደች። ጎረቤት ቤት አደረች።

ጠዋት ፖሊስ መጣ። ጣቢያ ስንደርስ መርማሪው ስለ ኪራይ አልጠየቀኝም። "ቁልፉን የሰቀልሽው አንቺ ነሽ?" አለኝ። "አዎ።" "የሷ ንብረት ውስጥ አለ?" "አለ።" "እንዳትወስድ የከለከልሻት አንቺ ነሽ?" "አዎ፣ ግን እኮ…" ያ "ግን እኮ" ወረቀቱ ላይ አልሰፈረም። ሦስት ወር እንደከፈልኩላት ምን ማስረጃ አለኝ? ለአከራያችን በእጅ ነው የሰጠሁት። እሷ ግን ማስረጃ አላት፤ ጓጉንቸሩ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሕግ ተምሬ፣ ዲግሪ ይዤ፣ ተበዳይ ሆኜ፣ ቃል የምሰጠው እኔ ሆንኩ። ነገሩ በሽማግሌ አለቀ፤ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ገንዘቡ ቀረ። ዛሬም የሚያመኝ ገንዘቡ አይደለም። በዚያ ዝናብ ያቆምኳት ነው።

እንግዲህ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ወረቀት ነው። ሁለተኛው እጅ ነው። ሦስተኛው አፍ ነው።

ከወረቀት እንጀምር። "ከወንድሜ ጋር ምን ወረቀት ያስፈልጋል?" የምትሉ አላችሁ። ይገባኛል። በእኛ ባህል ወዳጅን ማስፈረም አለማመን ይመስላል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ወረቀት የሚጻፈው በፍቅር ጊዜ ነው። ከተጣላችሁ በኋላ የሚጻፈው ክስ ነው።

መጀመሪያ ከአከራዩ ጋር ያለው ውል። በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥሩ 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ቀርቦ ይመዝገብ ይላል። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይቻልም። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይሁን ይላል። "የስድስት ወር አስቀድማችሁ አምጡ" ሲሏችሁ፣ ደላላውም "ሁሉም እንደዚህ ነው የሚከፍለው" ሲላችሁ፣ ይህንን አስታውሱ።

ታዲያ ውሉ ላይ የማን ስም አለ? እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የአንዱ ስም ብቻ ካለ፣ ሌላው በአከራዩ ዓይን የሚያድር እንግዳ ነው። ያኛው ጥሎት ሲሄድ በሩ ላይ ይቀራል። የሁለቱም ስም ካለ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንድ ዕዳ አብረው የገቡ ሰዎች፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ "በአንድነትና በነጠላ" ተጠያቂ ናቸው ይላል። ምን ማለት ነው? አከራዩ ሙሉውን ኪራይ ከአንዳችሁ ብቻ መጠየቅ ይችላል ማለት ነው። "እኔ ግማሼን ከፍያለሁ" ብትሉት "እሱን ከጓደኛህ ጋር ጨርስ" ይላችኋል፤ ሕጉም ይደግፈዋል።

ስለዚህ ሁለተኛ ወረቀት ያስፈልጋል፤ በእናንተ መካከል። እኔ ከደንበኞቼ ጋር የምጠቀምበት አንድ ገጽ ነው። ማን ስንት ይከፍላል፣ በየትኛው ቀን። ቅድሚያውን ማን ስንት አዋጣ፤ አንዱ ቀድሞ ቢወጣ በስንት ጊዜ ውስጥ ይመለስለታል። ለመውጣት ከስንት ቀን በፊት ይናገራል። ቆጣሪው በማን ስም ነው፣ የመብራትና የውሃ እንዴት ይከፈላል። ከዚያ ዕቃ፤ ፍሪጁ የማን ነው? ምጣዱ የማን ነው? አልጋው የማን ነው? ሌላ እንግዳ ከስንት ሌሊት በላይ አያድርም? ቀን፣ ፊርማ፣ ሁለት ምስክር። በቃ። አንድ ሰዓት አይፈጅም። የሰው ልብ አንድ ዓመት ሙሉ እንዳይቆስል አንድ ሰዓት ብዙ ነው?

ስለ ብድርም ልናገር፣ ምክንያቱም "ሳይቸግር ጤፍ ብድር" ብለን የምንተርት ሰዎች ለደባላችን ግን ሳንቆጥር ነው የምናበድረው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ስለ ገንዘብ ብድር አንድ ጠንካራ ነገር ይላል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን፣ ወይም በመሐላ ነው። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበረ። ዛሬ 500 ብር የአንድ ቀን ወጪ ነው፤ ደንቡ ግን ያው ነው። ሰፈር ያለው ሰው ሁሉ ቢመሰክርላችሁ ምስክር ብቻውን አያበቃም። "በቴሌብር ልኬለታለሁ፣ ማስረጃ አለኝ" ትሉኛላችሁ። ማስረጃው ገንዘቡ መድረሱን ያሳያል። ብድር መሆኑን አያሳይም። ተከሳሹ ተነስቶ "ያለበትን ዕዳ ነው የከፈለኝ" ቢል ምን ትመልሳላችሁ? ስትልኩ ምክንያቱን ጻፉ፤ እሱም "ተቀብያለሁ፣ በዚህ ቀን እመልሳለሁ" ብሎ በጽሑፍ ይመልስላችሁ። ከሁሉም የሚሻለው ግን የፈረመባት ቁራጭ ወረቀት ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለይላችሁ፤ ጣቢያ ሄዳችሁ ተበሳጭታችሁ የምትመለሱበት ነገር ነው። የኪራይ ድርሻን አለመክፈል ወንጀል አይደለም። ብድር አለመመለስም በራሱ ወንጀል አይደለም። ዕዳ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ፖሊስ ዕዳ አያስከፍልም። ያለፈቃዳችሁ ዕቃችሁን ወስዶ የራሱ ካደረገው ግን ስርቆት ነው፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀላል እስራት ወይም እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አምናችሁ "ተጠቀምበት፣ ነገ ትመልሳለህ" ብላችሁ የሰጣችሁትን ላፕቶፕ ቢሸጠው ደግሞ ስሙ ሌላ ነው፤ እምነት ማጉደል ይባላል። እሱም ወንጀል ነው። በውሸት አሳምኖ ገንዘባችሁን ከወሰደ፣ አታላይነት ነው። መርማሪ ፊት ስትቀርቡ "ዕዳ አለበት" እና "ዕቃዬን ሸጠው" የተለያዩ ቃላት ናቸው። የሆነውን ብቻ፣ እንደሆነው ተናገሩ። አክርራችሁ ለማሳሰር ስትሉ ያልሆነውን አትጨምሩ። ያልሠራውን ወንጀል አውቆ በሰው ላይ ማመልከት ራሱ ወንጀል ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልሂድ። እጅ። ብዙ የምቆየው እዚህ ነው።

ጀሞ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ሦስት ልጆች ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። ሁለቱ አብሮ አደጎች ናቸው፤ ሦስተኛው ከገባ ሁለት ወሩ ነው። አንድ ቀን ማታ የአንደኛው ላፕቶፕ ጠፋ። የመመረቂያ ጽሑፉ ሙሉው እዚያ ላይ ነው። ቀኑን ቤት የዋለው ማነው? አዲሱ ልጅ። በቃ፣ ፍርዱ ተፈረደ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ከእንቅልፉ ቀሰቀሱት፤ በጉልበቱ አንበረከኩት። በቻርጀር ገመድ ገረፉት። "አውጣ!" አሉት። መጀመሪያ ማለ። ከዚያ አለቀሰ። ከዚያ "አዎ፣ እኔ ነኝ" አለ። ሲነጋ ክንዱ አብጦ ልብስ አልገባ አለው፤ ተሰብሮ ነበር።

ላፕቶፑ የተገኘው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያው ቀን የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ሊጠግን መጥቶ የነበረ ሰው ነው የወሰደው። አዲሱ ልጅ በሩን ከፍቶለት፣ ሻይ አፍልቶለት ነበር።

እኔ ጉዳዩን የያዝኩት ለማን መሰላችሁ? ለገራፊዎቹ። የባለ ላፕቶፑ እናት ከደብረ ማርቆስ መጥተው ቢሮዬ ገቡ፤ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰው፣ ሰው እንደሞተበት። "ልጄ ተሰርቆ ሳለ ለምን እሱ ይታሰራል?" አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? ተሰርቋል፤ እውነት ነው። ግን በስርቆቱ የተከሰሰ አንድ ሰው ነው፤ በአካል ጉዳት የተከሰሱት ሁለት ናቸው፤ አንዱ የእርሳቸው ልጅ ነው። ሁለቱም ጥፋተኛ ተባሉ። ሁለተኛው ልጅ ለውጭ አገር ሥራ ሂደት ጀምሮ ነበር፤ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አምጣ ተባለ። ከየት ያምጣ?

ስታስቡት፣ ያ ልጅ "አዎ፣ እኔ ነኝ" ሲል ምን አገኙ? ላፕቶፑን አላገኙም። እውነቱን አላገኙም። ያገኙት ዱላ የወለደውን ቃል ነው። ዱላ ሁልጊዜ የሚፈልገውን መልስ ያገኛል፤ ለዚህ ነው ሕገ መንግሥታችን ለፖሊስ እንኳ የከለከለው። ለፖሊስ ያልተፈቀደ ለደባል ይፈቀዳል?

ታዲያ ምን ማድረግ ነበረባቸው? ያን ሌሊት፣ ክፍሉን ሳይነካኩ፣ ሦስቱም አብረው ጣቢያ መሄድ። በአዲስ አበባ 991 ደውሎ ፖሊስ መጥራትም ይቻላል። ማን እንደገባ፣ መቼ፣ ምን እንደጠፋ መናገር። ቧንቧ ጠጋኙ ያን ጊዜ ነበር የሚነሳው! ሦስቱም ያውቁት ነበር እኮ፤ ንዴት ዓይናቸውን ስለያዘው ማንም አላስታወሰውም። የዕቃውን መለያ ቁጥር መስጠት። ስልካችሁን አውጡ እስቲ፣ አሁኑኑ። ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ ስድስት፣ መሰላል፤ *#06# ማለት ነው። 15 አኃዝ ያለው ቁጥር መጣ? ጻፉት። ስልኩ ላይ አይደለም፤ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ደብተር ላይ ጻፉት፣ ለእናታችሁ ላኩት። የላፕቶፕ ቁጥር ከሥሩ ተለጥፏል፤ ፎቶ አንሱት። ደረሰኙንና ካርቶኑን አትጣሉ።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር። ገበያው ከሚያወጣው በግማሽ ዋጋ፣ ያለ ደረሰኝ፣ መንገድ ዳር ስልክ ሲሸጥላችሁ አትግዙ። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ ወይም ማወቅ ሲገባ መግዛት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። "ገዛሁት እንጂ አልሰረቅኩም" አያድንም። ማልቀስም አያድንም፤ ብዙ ልጆች ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ስማችሁንም አታበድሩ። "ሒሳብህ ውስጥ ገንዘብ ላስገባና አውጥተህ ስጠኝ" ካላችሁ ደባል፣ የሲም ካርድ በስማችሁ ካወጣችሁለት ሰው ተጠንቀቁ። መጋቢት 2016 ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ተዛብቶ ሰው ሒሳቡ ላይ የሌለውን ገንዘብ ያወጣበትን ሌሊት ታስታውሳላችሁ፤ በየዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ወሬው ከአልጋ አልጋ ዞረ። "ካርድህን ስጠኝ" ብሎ የጓደኛውን ሒሳብ የተጠቀመ ነበር። ሲነጋ የሚጠየቀው ማነው? ሒሳቡ በስሙ ያለው ነው። የእናንተ ያልሆነ ገንዘብ በስህተት ቢገባላችሁ እንኳ አይነካም፤ ያለአግባብ የተገኘ ገንዘብ እንዲመለስ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያስገድዳል።

አሁን ደግሞ የደባል ጠብ ወደ ስድብ፣ ወደ ዛቻ፣ ወደ ጥፊ ሲሄድ። እዚህ ላይ የማስጠነቅቃችሁን እባካችሁ ጻፉት። ስድብ፣ ማስፈራራት፣ ቀላል የአካል ጉዳት በግል አቤቱታ የሚያስቀጡ ወንጀሎች ናቸው። ተበዳዩ ካላመለከተ ክስ የለም። አቤቱታው ደግሞ ጊዜ አለው። ድርጊቱን ወይም ያደረገውን ሰው ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር። ሦስት ወር ብቻ።

አንዲት እህታችን መጣች። ደባሏ ለሳምንታት "እገልሻለሁ፣ ፊትሽን አበላሻለሁ" የሚል መልእክት ልካላታለች፤ አንድ ቀን በጥፊ መታታለች። ቤተሰብ ገባ፣ ሽማግሌ ገባ። "ቆይ፣ ከፋሲካ በኋላ እንቀመጣለን" ተባለ። ከፋሲካ በኋላ አንዱ ሽማግሌ አገር ቤት ሄዱ። "ቆይ፣ ይመለሱ" ተባለ። ስትመጣብኝ አምስት ወር ሆኗታል። መልእክቶቹንም አጥፍታቸዋለች፤ "ሳያቸው ሆዴ ይረበሻል" ብላ። ምን አደርግላታለሁ? ይህቺን ልጅ ሳስብ እስከ ዛሬ እናደዳለሁ፤ በሽማግሌዎቹ ላይ አይደለም፣ ማንም ሦስት ወር የሚባል ነገር እንዳለ ባለመንገሩ ነው።

ሽምግልናን አልጠላም። እኔን ያዳነኝ ሽምግልና ነው። ብዙ ጠብ ከፍርድ ቤት ይልቅ በሽማግሌ ሲያልቅ ያምራል፤ ጉርብትናም አይፈርስም። እዚህ ያላችሁ አባቶች፣ ይህንን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ግን እለምናችኋለሁ፤ ስታስታርቁ የቀን መቁጠሪያ ይዛችሁ ተቀመጡ። ልጁ በጊዜው ያመልክት፣ እርቁ ሲወርድ አቤቱታውን ማንሳት ይቻላል። ያላመለከተው ግን ሊያነሳው የሚችለው ነገር የለም። መልእክት አታጥፉ። ለሌላ ሰው አስተላልፋችሁ አስቀምጡ፤ ቁጥሩና ቀኑ ይታይ። ከተመታችሁ በዚያው ቀን ጣቢያ ሂዱ፣ ለሐኪም ደብዳቤ ይጽፉላችኋል። በለዝ በሳምንት ይጠፋል፤ የሐኪም ወረቀት ግን አይጠፋም።

አንድ ነገር ደግሞ ጨርሶ የሽማግሌ ጉዳይ አይደለም። አስገድዶ መድፈር። በደባል ይሁን፣ በደባል ወንድም ይሁን፣ በአከራይ ይሁን። "ቤተሰብ እንዳይዋረድ" እያላችሁ ምንጣፍ አታንጥፉ! እህቶቼ፣ ሳትታጠቡ፣ ልብሱን ሳታጥቡ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። እዚህ አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንም፣ ፖሊሱንም፣ ምክሩንም በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ብቻሽን አይደለሽም።

ሦስተኛው አፍ ነው። ፖሊስ ሲይዛችሁ።

ፈጠን ብዬ ልለፍበት፣ ግን ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 ቤት ገብታችሁ አንብቡት፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሲዳምኛ ለሚናገር፣ በዚያው በሚገባው። ያለመናገር መብት አለው፤ የሚናገረው ማስረጃ እንደሚሆንበትም ሊነገረው ይገባል። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ አይታሰብም። እንዲያምን አይገደድም። በዋስ የመለቀቅ መብት አለው፤ በሕግ በተደነገጉ ሁኔታዎች ፍርድ ቤት ሊከለክል ይችላል። አንቀጽ 21 ደግሞ የትዳር ጓደኛው፣ የቅርብ ዘመዱ፣ ጓደኛው፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊጎበኙት መብት አለው ይላል። ጓደኛው! ደባላችሁ ቢታሰር እንኳ ተጣልታችሁ ቢሆን ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። ለቤተሰቡም ደውሉ። አገር ቤት ያለች እናት ልጇ ስልክ ሲያጠፋ የምታስበውን አስቡ።

አሁን ያችን ወረቀት ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። ቃል ስትሰጡ መርማሪው ይጽፋል። ብዙ ጊዜ በእጅ ነው፤ መስመር የሌለው ወረቀት ላይ፣ በፍጥነት። ሲጨርስ ወደ እናንተ ያዞረውና "ፈርም" ይላል፤ ጣቱም የሚፈረምበትን ቦታ ይጠቁማል። አትፈርሙ፣ አንብቡ። ማንበብ ካልቻላችሁ "ያንብቡልኝ" በሉ። ያላላችሁት ካለ "ይህን አላልኩም፣ ይስተካከል" በሉ፤ በአክብሮት፣ ድምፅ ሳታነሱ። "ላፕቶፑን አይቼው ነበር" ያላችሁት "ላፕቶፑን ወስጄው ነበር" ተብሎ ያየሁበት ጊዜ አለ። በክፋት አልነበረም፤ ድካምና ጫጫታ ነበር። አንዲት ቃል ግን የአንድን ልጅ ሁለት ወር በላች። በገጹ መጨረሻና በፊርማችሁ መካከል ባዶ ቦታ አትተዉ። መናገር ካልፈለጋችሁም "ጠበቃዬ ሲመጣ እናገራለሁ" ማለት ወንጀል አይደለም፣ ጥፋተኝነትም አይደለም።

ጠበቃ መቅጠር የማይችልስ? ሕገ መንግሥቱ የተከሰሰ ሰው አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደልበት ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲቆምለት ይላል። ፍርድ ቤቱን "ተከላካይ ጠበቃ ይቁምልኝ" ብላችሁ ጠይቁ። የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አላቸው።

ፖሊስ ለደባላችሁ ብሎ ቤታችሁን ሊፈትሽ ቢመጣስ? በደረቅ ቋንቋ፣ የብርበራ ማዘዣ መጠየቅ መብታችሁ ነው። እጅ ከፍንጅ ሲሆንና ወንጀል ሠርቶ የሚሸሽ ሰው ተከትሎ ሲገባ ዓይነት ሁኔታዎች ልዩ ናቸው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርድ ቤት ለይቶ ካላዘዘ በቀር ብርበራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይሁን ይላል። ማዘዣውን አንብቡ፤ ስሙንና አድራሻውን እዩ። በር አትዝጉ፣ አትጋፉ፣ ምንም ነገር ደብቃችሁ አታውጡ። "ይህ የእሱ አልጋ ነው፣ ይህ የእኔ ነው" ብላችሁ ለዩ፤ የተወሰደው ዕቃ ሁሉ ተዘርዝሮ ይፈረምበት። ደባላችሁ ሐሺሽ ወይም የማታውቁት ዕቃ ቤት ማስገባት ከጀመረ ግን ብርበራ እስኪመጣ አትጠብቁ። ተነጋገሩ፤ ካልሰማ ውጡ። የጋራ ቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘ ነገር የማን እንደሆነ ሌሊት ላይ ማስረዳት ከባድ ነው።

የመጨረሻዋ ስለ ዋስ ናት። "በመታወቂያህ ዋስ ሁነኝ" የሚላችሁ ወዳጅ አለ። ሁኑለት፤ ደግ ነገር ነው። ግን ቀጠሮ ሲቀር እናንተ ትጠራላችሁ፤ ገንዘብ አስይዛችሁ ከሆነም ለመንግሥት ገቢ ሊሆን ይችላል። የቀጠሮውን ቀን በራሳችሁ ስልክ መዝግቡ፤ ጠዋት ደውላችሁ ቀስቅሱት፤ ከቻላችሁ አብራችሁት ሂዱ። ያቺ ኮተቤ ላይ በር የዘጋሁባት ጓደኛዬ፣ ከዓመታት በኋላ ወንድሜ ሲታሰር መጀመሪያ ጣቢያ የደረሰችው እሷ ናት። እኔ ክፍለ ሀገር ነበርኩ። መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ "ዋሱ እኔ ነኝ" ብላ ፈረመች። በቀጠሮው ቀን ደግሞ ከሥራዋ አስፈቅዳ አብራው ሄደች።

እዚህ መድረኩ ጫፍ ላይ ያንን የነገርኳችሁን አንድ ገጽ ስምምነት አባዝቼ አስቀምጫለሁ። ስም፣ ድርሻ፣ ቀን፣ ዕቃ፣ ምስክር፤ ባዶውን ብቻ ትሞሉታላችሁ። ሁለት ሁለት ውሰዱ፣ አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ ለደባላችሁ። ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥያቄ ያላችሁ፣ ከኋላ እንጀምር፤ አንተ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው፣ ቅድም እጅህን አውጥተህ ነበር።